ጡጫን በመዳፍ መሸፈን፦ የማርሻል አርት ሰላምታ አሠራርና ትርጉሙ

ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢት፣ መሐል ሜዳ ቢኬድ ማርሻል አርት የሚሠራ ልጅ አይጠፋም። ብዙዎቹ ወደ ስልጠና የሚመጡት ርግጫ አይተው ነው። አሰልጣኙም ይህን ስለሚያውቅ ቶሎ ወደ ርግጫው ይገባል። ሰላምታ ግን በስልጠናው መጀመሪያና መጨረሻ፣ ጓደኛ በተቀያየረ ቁጥርም የሚደጋገም ሆኖ ሳለ ረጋ ብሎ የሚያስተምረው ሰው ጥቂት ነው። «ሰላምታ!» ይባላል፣ እጅ ለእጅ ጧ ይላል፣ በቃ።

እኔ ሰላምታውን በአግባቡ ያልተማረ ልጅ ጡጫ መማር የለበትም ባይ ነኝ። ቻይናዎችም የቆየ አባባል አላቸው፦ ጥበቡን ከመማርህ በፊት ሥርዓቱን ተማር፣ ውጊያውን ከመልመድህ በፊት ምግባሩን ልመድ። ይህን የጻፍኩት ለጀማሪ ሰልጣኞችና ጀማሪዎችን ለሚያሠሩ ረዳት አሰልጣኞች ነው። ዋናው ነገሬ የቻይናው የውሹ (የኩንግ ፉ) ሰላምታ ሲሆን፣ የካራቴውንና የቴኳንዶውን በኋላ በአጭሩ እነካቸዋለሁ።

ከመጀመራችሁ በፊት

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ ውርጭ በሚጥልበት ወራት፣ ጠዋት 12 ሰዓት ስልጠና የሚገባ ልጅ ጣቱ ደንዝዞ ነው የሚደርሰው። የደነዘዘ ጣት ቀጥ ብሎ አይዘረጋም፣ ጠበቅ ብሎም አይጨበጥም። ስለዚህ ጋቢውንና ጃኬቱን ካወለቃችሁ በኋላ መዳፍ ለመዳፍ አፋትጉ። ሙቀት እስኪሰማችሁ ድረስ ጣታችሁን ዘርጉ፣ ጨብጡ፣ ዘርጉ፣ ጨብጡ። የእጅ አንጓችሁን በሁለቱም አቅጣጫ አዙሩ። ቀለበትና ሰዓት ይውለቅ። ሸዋ ሮቢት ቆላው ላይ ያላችሁ ይህን ዘልላችሁ ወደሚቀጥለው እለፉ።

1. አቋቋም

እግራችሁን ገጥማችሁ ቁሙ። ክብደታችሁ በሁለቱም እግር እኩል ይረፍ፣ ጉልበታችሁ አይገተር። እጃችሁ በጎንና በጎን ይውረድ። ትከሻ ዝቅ፣ አገጭ ጥቂት ወደ ውስጥ። ጎበጥ ብሎ የሚቆም ልጅ ካለ «ደረትህን ንፋ» አትበሉት፤ ትከሻውን ወደ ጆሮው ይሰቅለዋል። «አናትህን ወደ ላይ ሳበው» ብትሉት ጀርባው ራሱ ይቃናል።

2. ቀኝ እጅ

አራቱን ጣቶች ከጫፋቸው ጀምራችሁ ወደ መዳፍ ጠቅልሉ። አውራ ጣት ከውጭ ሆኖ በሌባ ጣትና በመሐል ጣት ላይ ይጋደም። ከጣቶቹ ሥር ተወሽቆ የሚቀር አውራ ጣት በመጀመሪያው ምት ሊሰበር ስለሚችል ይህን ስህተት ገና በሰላምታው ማረም ይሻላል። የእጅ አንጓ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳይታጠፍ ከክንድ ጋር ቀጥ ይበል። አጨባበጡ ጠንካራ ይሁን፣ ግን አይንቀጥቀጥ።

3. ግራ እጅ

አራቱ ጣቶች ቀጥ ብለው እርስ በርስ ይጋጠሙ፣ በመካከላቸው ብርሃን አይግባ። አውራ ጣት መገጣጠሚያው ላይ ታጥፎ ወደ መዳፉ ጎን ይጠጋ። ይቺ የታጠፈች አውራ ጣት ትርጉሟ ከባድ ነው፤ እመለስባታለሁ። ለጊዜው ተዘርግታ እንዳትቀር ብቻ ተጠንቀቁ።

4. ማገናኘት

ሁለቱ እጆች ከጎን ተነሥተው ደረት ፊት ለፊት ይገናኙ። የግራ መዳፍ መሐሉ በቀኙ ጡጫ ግንባር ላይ፣ ማለትም ምት በሚያርፍበት በኩል ይረፍ። የግራው ጣቶች ሥር ከጡጫው ጠርዝ ጋር እኩል ይሁን። ከፍታው የደረት ልክ ነው። ከደረት ያለው ርቀት ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር፣ በእኛ ልኬት አንድ ስንዝር ወይም ከዚያ ትንሽ ዘለግ ያለ ነው። ክርኖች ከእጅ ዝቅ ብለው ክንዶቹ ክብ ይሥሩ። እጆቹ ሲገናኙ ድምፅ አይኑር። ጧ የሚያደርግ ልጅ መዳፉን በጡጫው እየመታ ነው፣ መዳፉ ግን ጡጫውን የሚሸፍን እንጂ የሚመታ መሆን የለበትም።

እኛ አገር በብዛት የሚታየው ስህተት የቀኝና የግራ መቀያየር ነው። የእኛ ልጅ ሲሰጥም ሲቀበልም በቀኝህ ተብሎ ስላደገ፣ «ሰላምታ» ሲባል ቀኝ እጁን ከፍቶ ከላይ ያደርገዋል፣ ግራውን ይጨብጣል። በቻይና የቆየ ልማድ ግን ወንድ በደህና ቀን ሰላም ሲል ግራው ከላይ ነው፤ ቀኙን ከላይ ማድረግ የሐዘን ሰላምታ ነው። በውሹ ወንድም ሴትም ቀኛቸውን ጨብጠው በግራቸው ይሸፍናሉ። ስለዚህ ልጁ ሲሳሳት «ይሄ የለቅሶ ቤት ሰላምታ ነው» ብላችሁ አስረዱት። አንድ ጊዜ የሰማ አይረሳውም።

5. ዓይን

ብዙ ጊዜ የሚወስደው ይህ ነው። የሰሜን ሸዋ ልጅ ታላቅ ፊት ዓይን አፍጥጦ ማየት ድፍረት ነው ተብሎ ነው ያደገው። ሲሰጡት ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ይቀበላል፣ ሲጠሩት አንገቱን ሰበር አድርጎ «አቤት» ይላል። የውሹ ሰላምታ ደግሞ ሰላም የሚሉትን ሰው ማየት ይፈልጋል። አዲስ ልጅ ላይ የሚሆነውን ተመልከቱ፦ መጀመሪያ ዓይኑ ወደ መሬት ይወርዳል። አገጩ ይከተለዋል። ቀጥሎ ጀርባው ይጎብጣል፣ ክርኖቹ ጎኑ ላይ ይለጠፋሉ፣ በመጨረሻ ደረት ላይ የነበረው እጅ ሆዱ ላይ ተገኝቶ ያርፋል። እጁን ብታስተካክሉለት ተመልሶ ይወርዳል፤ ችግሩ ያለው ዓይኑ ላይ ነው።

ማየት ለምን ያስፈልጋል? ፊት ለፊት የቆመው ሰው ከአፍታ በኋላ ጡጫ ይሰነዝራል። እሱን ማየት ለራስ ጥንቃቄ ነው፣ ለእሱም «የደበቅኩብህ ነገር የለም» ማለት ነው። የቦክስ ተጋጣሚዎች ከመጋጠማቸው በፊት እንደሚፋጠጡት ግን አይደለም። ቅንድብ አይኮማተር፣ ፊት ይፍታታ።

ልጁን በደረጃ አለማምዱት። መጀመሪያ ከእኩያው ጋር አቁማችሁ የጓደኛውን አንገትጌ ይይ። ሲለምድ በሁለቱ ቅንድቦች መካከል፣ ከዚያ ዓይን። ከአሰልጣኙ ጋር ማድረጉ የመጨረሻው ይሁን። ይህ የስልጠና ቦታ ሥርዓት እንደሆነ፣ ቤት ሲገባ የቤቱን ሥርዓት እንደሚጠብቅ ንገሩት። አያቱን አፍጥጦ ያየ ልጅ እኛን ነው የሚያሰድበን።

6. ትንፋሽና መመለስ

እጅ ሲነሣ አየር በአፍንጫ አስገቡ። እጆቹ ተገናኝተው አንድ ትንፋሽ ያህል ይቆዩ፣ ቀስ ብላችሁ አስወጡ፣ እጃችሁን በመጣበት መንገድ ወደ ጎን መልሱ። ወርውሮ መጣል የለም። ከግጥሚያ በኋላ ልባችሁ እየመታ ከሆነ፣ ደጋው ላይ ትንፋሽ ቶሎ ስለማይመለስ ጥቂት ጠብቃችሁ ነው ሰላም የምትሉት።

ትርጉሙ

አሁን እጁ ቦታውን ይዟል። ምን እንደሚል ካላወቃችሁ ግን ከንቱ ድካም ነው።

ጡጫው ብርታት ነው፦ መምታት የሚችል፣ የሠለጠነ ኃይል። የተዘረጉት አራት የግራ ጣቶች ሥነ ምግባርን፣ ዕውቀትን፣ የአካል ጤንነትንና ውበትን ይወክላሉ። የታጠፈችው አውራ ጣት «ከሁሉ እበልጣለሁ» አለማለት ናት። መዳፉ ጡጫው ላይ ሲያርፍ ኃይሉን ያቆመዋል፦ ጉልበት አለኝ፣ ግን በዕውቀትና በምግባር ተይዟል፤ ያለ ቦታው አይወጣም። ይህን የምግባር ትምህርት ቻይናዎች በቋንቋቸው «ዉ-ዴ» (የማርሻል አርት ምግባር) ይሉታል። አንዱ ወገኑ ከሰው ጋር ስላለ ግንኙነት ነው፦ ትሕትና፣ አክብሮት፣ ጽድቅ፣ ታማኝነት። ሌላው ወገኑ ከራስ ጋር ነው፦ ትዕግሥት፣ ጽናት፣ ቁርጠኝነት፣ ድፍረት።

ሁለተኛ ትርጉምም አለ። የጡጫው አምስት ጣቶች አምስቱ ሐይቆች፣ የመዳፉ አራት ጣቶች አራቱ ባሕሮች ናቸው ይባላል። ይህም ቻይናዎች በዓለም ያለ ሰው ሁሉ ለማለት የሚጠቀሙበት አነጋገር ነው፤ ማርሻል አርት የሚሠራ የትም ይኑር የት ወንድም ነው ለማለት። ስለዚህ ውድድር ላይ ከሌላ ክለብ ለመጣ ልጅ የሚሰጠው ሰላምታ ለክለብ ጓደኛ ከሚሰጠው በአንዲት ጣት እንኳ ማነስ የለበትም። በደቡብ ቻይና የማርሻል አርት ትምህርት ቤቶች ደግሞ የፖለቲካ ትርጉም ይዞ ቆይቷል። የሚንግ ሥርወ መንግሥት በ1644 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ወድቆ ቺንግ ሲተካ፣ ለሚንግ የታመኑ ሰዎች ጡጫውን ፀሐይ፣ መዳፉን ጨረቃ አድርገው ይተረጉሙት እንደነበር ይነገራል፤ በቻይንኛ ጽሕፈት የፀሐይና የጨረቃ ምልክቶች ሲጣመሩ የሚንግን ስም ይሰጣሉና።

ለሸዋ ልጅ የአውራ ጣቷን ነገር ጠለቅ አድርጎ ማስረዳት ያስፈልጋል፤ ሸዋ የፉከራ አገር ነው። ፉካሪ ዱላውን ይዞ እየተንጎራደደ «ዘራፍ» ይላል፣ የራሱንና የአባቱን ጀግንነት ይቆጥራል፣ በፈረስ ስም ራሱን ይጠራል። ከደብረ ብርሃን ብዙም በማይርቀው አንጎለላ የተወለዱት ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው በፈረስ ስማቸው አባ ዳኘው ይባሉ ነበር። ፉከራ የራሱ ክብርና የራሱ ጊዜ አለው፣ እኔም ስሰማ ደሜ ይሞቃል። ስልጠና ሜዳ ላይ ግን ከራሱ ጉራ በፊት የጓደኛውን ደህንነት የሚያስቀድም ሰው ነው የምንፈልገው። ስለዚህ አውራ ጣቱን ሳያጥፍ ሰላም ያለ ልጅ ካያችሁ የጣት አቀማመጥ ብቻ አርማችሁ አትለፉ። «ይቺ ጣት ምን ትላለች?» ብላችሁ ጠይቁት፣ ራሱ ይመልስ።

ቤተሰብ ሲጠይቅ

በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ቤት የሚነሣ ጥያቄ ነው፣ ተገቢም ነው። አንዲት የሰልጣኝ አያት ነጠላቸውን አጣፍተው በር ላይ ቆመው ሲያዩ ቆዩና ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ይሄ ልጅ ለማን ነው የሚሰግደው?»

«እማማ፣ ለጓደኛው ነው። እርስዎ ጎረቤትዎን እጅ እንደሚነሱት ነው።»

«ጣዖት የለበትም?»

«የለበትም እማማ። ይግቡና ይዩት።»

ገብተው አዩ። ስልጠናው እስኪያልቅም ተቀምጠው ቆዩ።

እንዲህ ላለው ጥያቄ ሦስት ነገር አዘጋጁ። አንደኛ፣ በኦርቶዶክስ ትምህርት ለእግዚአብሔር ብቻ የሚቀርበው የአምልኮ ስግደትና የአክብሮት ስግደት የተለያዩ ናቸው፤ አብርሃም ለኬጢ ልጆች በአክብሮት እንደ ሰገደ በዘፍጥረት ምዕራፍ 23 ተጽፏል። ሁለተኛ፣ የሙስሊም ቤተሰብ ለፍጡር ማጎንበስን ካልወደደ፣ የውሹ ሰላምታ ቀጥ ብሎ ተቁሞ የሚሰጥ ስለሆነ ምንም መጎንበስ አያስፈልገውም። በካራቴና በቴኳንዶም ልጁ ሳያጎነብስ ቀጥ ብሎ ቆሞ ሰላም እንዲል ፍቀዱለት፤ አክብሮቱ አይጎድልም። ሦስተኛ፣ ግድግዳ ላይ የመሥራቹ ፎቶ ካለ ልጆችን ወደ ፎቶ አዙራችሁ አታሰግዱ። እርስ በርሳቸው ፊት ለፊት ቆመው ሰላም ይባባሉ። አስተዋይ ቤተሰብ ይህን ሲያይ ጥርጣሬው ይለቀዋል።

የማናሠራቸው

ኢንተርኔት ላይ ልጆች የሚያዩት ጣት በጣት እየቆላለፉ የሚሠራ ምልክት አለ። ይህ በጃፓን ኩጂ የሚባለው፣ ዘጠኝ ቃላት ከጣት ምልክቶች ጋር የሚነበቡበት ሥርዓት ሲሆን፣ ሥሩ ዳዎኢዝም በሚባለው የቻይና ጥንታዊ እምነት ነው፤ በጃፓን የቡድሂስት ምስጢራዊ ሥርዓትና የተራራ ምናኔ ውስጥ የቆየ ጸሎት ነው። የቆዩ የጃፓን የጦር ትምህርት ቤቶችም ወስደውታል። የሌላ ሰው ጸሎት ስለሆነ እንደ ጨዋታ አናሠራውም። በቻይና የሻኦሊን ገዳም የቡድሃ መነኮሳት በአንድ እጅ፣ መዳፍ ደረት ፊት አቁመው የሚሰጡትም ሰላምታ እንዲሁ ነው። አፈ ታሪኩ ሁይኬ ከሚባል መነኩሴ ጋር ያያይዘዋል፤ መምህሩ ቦዲዳርማ ደቀ መዝሙሩ አድርጎ እንዲቀበለው ክንዱን ቆርጦ አቀረበ ይባላል። ታሪኩን ለልጆች ንገሩ፣ ያዳምጣሉ። ምልክቱ ግን የመነኮሳቱ ይሁን።

ካራቴና ቴኳንዶ

ካራቴ ላይ ተረከዝ ተገጥሞ፣ እጅ በጎን ሆኖ፣ ከወገብ ጎንበስ ይባላል። ከኦኪናዋ የመጡት የካራቴ መምህር ጊቺን ፉናኮሺ (1868–1957 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ካራቴ በአክብሮት ይጀምራል፣ በአክብሮት ይጨርሳል ብለው አስተምረዋል፤ በካራቴ ቀድሞ መምታት የለም የሚለው ትምህርትም የእሳቸው ነው። ሾቶካን በሚባለው የካራቴ ስልት ጂዮን የተባለው ካታ (በቅደም ተከተል የሚሠራ የእንቅስቃሴ ስብስብ) ሲጀመር ግራ እጅ ቀኙን ጡጫ ይሸፍናል፣ ማለትም ከላይ የተማራችሁት ራሱ ነው። ካንኩ ዳይ የተባለው ካታ ሲጀመር ደግሞ የሁለቱ እጅ አውራ ጣቶችና ሌባ ጣቶች ነክተው ሦስት ማዕዘን ሠርተው፣ እጅ ከፊት ተነሥቶ፣ በመካከሉ ሰማይ ይታያል። ልጆች እጁን ብቻ ከፍ አድርገው ዓይናቸውን ግድግዳ ላይ ይተዋሉ፤ ዓይን እጁን ይከተል።

በአይቲኤፍ (በዓለም አቀፉ የቴኳንዶ ፌዴሬሽን) ቴኳንዶ ሰላምታ ሲሰጥ ሰውነት 15 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው የሚጎነበሰው፤ ዓይን ከተጋጣሚው አይነሣም። ዎን ህዮ የተባለው ፓተርን (እንደ ካራቴው ካታ ያለ የእንቅስቃሴ ስብስብ) ሲጀመር ጡጫው በግራ እጅ ተሸፍኖ ከአፍንጫና ከላይኛው ከንፈር መካከል 30 ሴንቲ ሜትር ርቆ ይያዛል። ቾን ጂ የሚባለው የመጀመሪያው ፓተርን ሰማይና ምድር ማለት ሲሆን 19 እንቅስቃሴ አለው። አምስቱን መርሆች፣ ማለትም ጨዋነትን፣ ሐቀኝነትን፣ ጽናትን፣ ራስን መግዛትንና የማይበገር መንፈስን፣ ልጆች በቃላቸው ይሉታል። ከሚሰጡት ሰላምታ ጋር ሲያገናኙት ግን ብዙም አይታይም፤ ጨዋነት ሲባል እጃቸው የት እንዳለ አስተውሉ።

ልምምድ

ስልጠና ከመጀመሩ በፊት 10 ሰላምታ፣ ቀስ ብሎ። ጀርባችሁን ግድግዳ አስደግፉ፤ ተረከዝ፣ ትከሻና የጭንቅላት ጀርባ ግድግዳውን ሲነኩ አቋቋማችሁ ተቃንቷል። ከዚያ ከግድግዳው ራቅ ብላችሁ ያንኑ አቋም ይዛችሁ ድገሙት። ብቻችሁን ከሆናችሁ ስልካችሁን በደረት ከፍታ በጎናችሁ አቁማችሁ ቅረጹ። ክርን ከእጅ በላይ ከተነሣ ወይም እጁ ወደ ሆድ ከወረደ በግልጽ ይታያል።

ሁለት ሆናችሁ ደግሞ አንዱ ሰላምታውን ይያዝ፣ ሌላው የተገናኙትን እጆች በቀስታ ወደ ደረት ይግፋ። ክንዱ ታጥፎ ደረት ላይ ከገባ ላልቷል፣ ትከሻ ወደ ላይ ከተሰቀለ ከሮ ተይዟል። ሳይገተር የሚመለስ ክንድ ትክክለኛው ነው።

ዱላ የምታሠሩ ከሆነ፣ ሰላምታ ሳይሰጥ በፊት ዱላው መሬት ይቀመጥ። በጥምቀትና በገና ዱላ እያወዛወዘ ያደገ ልጅ ዱላ እንደያዘ እጁን ሲያነሣ አጠገቡ ያለውን ፊት ሊመታ ይችላል።

ዋናው ፈተና ግጥሚያ ላይ ነው። ጠንከር ያለ ምት ሲያርፍ «አቁም» በሉ፣ ሁለቱም ሰላም ይባባሉ፣ ከዚያ ይቀጥሉ። የተመታው ልጅ ጡጫውን ወደ ጓደኛው እየገፋ ወይም ዓይኑን አዙሮ ሰላም ካለ ንዴቱ አልወጣለትም። ያን ጊዜ ግጥሚያው ይቆማል፣ ውኃ ይጠጣ፣ ይቀመጥ። የመታው ልጅ ደግሞ ፊቱ ላይ ፈገግታ ካለ ለእሱም እንዲሁ። ይህን በጥብቅ ከያዛችሁ ልጆቹ ራሳቸው ትንፋሻቸውን መግዛት ይለምዳሉ።

ቀበቶ ፈተና ላይ ከርግጫው በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ እጁ ሳይቀያየርና ሳይጮህ ሰላምታውን ይስጥ፤ መዳፉ፣ ጡጫውና የታጠፈችው አውራ ጣት ምን እንደሚሉ በራሱ ቃል ይናገር፤ ከተሸነፈ በኋላ ለአሸናፊው ሰላም ሲል ይታይ። ርግጫው የቱንም ያህል ቢያምር ይህን ያላሟላ ልጅ ቀበቶው ለሚቀጥለው ፈተና ይቆይለት።